ጨርቄ ላይ ያልጠለፍኩት ምልክት

እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም። ይህ ነገር ደርሶብኛል... አሁንም እየደረሰብኝ ነው።

የምጽፍላችሁ በስልኬ ነው። ላፕቶፑን ከእንግዲህ አልነካውም።

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ተኩል ነው። ጨለማ የለም። ዝናብ የለም። ውሻ እንኳ አይጮህም። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ስፌት መኪናዬ ላይ ተኝታለች። ውጭ ያሰጣሁት አንሶላ ደርቋል። ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች አጥሩን በእንጨት እየጫሩ ያልፋሉ።

ወጥ ቤቴ ውስጥ ብርጭቆ የሚያጥብ ሰው አለ።

ማን እንደሆነ እነግራችኋለሁ... ግን ከመጀመሪያው ልጀምር። አለበለዚያ አብዳለች ትሉኛላችሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ከዚያ በላይ አልገፋሁም። ትዳር መጣ፣ ልጅ መጣች፣ ከዚያ አባቷ አረፈ። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ አሳደግኳት። ሌላ ልጅ የለኝም።

ስለ እኔ አንድ ነገር እወቁ። ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን ነው የማስበው። ስልክ ሲጠራ መጀመሪያ ቁጭ እላለሁ፣ ከዚያ ነው የማነሳው... ቆሜ ሰምቼ እንዳልወድቅ። አምቡላንስ ሲያልፍ ልጄ ውስጡ ያለች ይመስለኛል፣ እሷ ያለችው ሌላ ከተማ ሆኖ እንኳ።

ልጄ ትስቅብኛለች። «እማዬ፣ አንቺ እኮ ገና ማንም ሳይታመም ጥቁር ልብስሽን የምትተኩሺ ሰው ነሽ» ትለኛለች።

ሥራዋ ኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ የደንበኛ ስልክ ማንሳት ነው። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እደውልላታለሁ። በልተሻል? ደርሰሻል? ድምፅሽ ምነው? አለቃዋ አንድ ቀን «እናትሽ የትኛውን ኢንሹራንስ ነው የገቡት?» ብሎ ጠይቋታል።

እሷ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ ነው አሮጌ ላፕቶፕ ይዛልኝ የመጣችው።

ስፌት መኪናዬ አጠገብ አስቀምጣ ከፈተችው። እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ።

«አይነክስም» አለችኝ።

«ቢበላሽስ?»

«ሳትነኪው?»

ስክሪኑ አናት ላይ አንዲት ቀጭን መስመር አለች። ልጄ ጣቷን አሳረፈችባት።

«ሌላውን ሁሉ እርሺው። ይቺን መስመር ብቻ እወቂ። ሜኑ ባር ትባላለች። በግራ በኩል ያሉት ቃላት አንቺ የምታዢያቸው ናቸው። ክፈት፣ ዝጋ፣ አስቀምጥ። በቀኝ በኩል ያሉት ትንንሽ ምልክቶች ደግሞ ለአንቺ የሚናገሩ ናቸው።»

«ምን ይናገራሉ?»

«ማሽኑ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ። ባትሪው ስንት እንደቀረው፣ ዋይፋይ መኖር አለመኖሩን፣ ድምፁ መከፈቱን። ይቺ ብርቱካንማ ነጥብ ደግሞ አልፎ አልፎ ነው የምትበራው። ከበራች ማሽኑ የምታወሪውን እየሰማ ነው።»

በቀኙ ጫፍ የልጄ ፎቶ አለች፣ የጣት ጥፍር ታህላለች። ከፎቶዋ ግርጌ አንዲት ነጥብ።

«አሁን ዋናውን ስሚኝ» አለች። «ነጥቧ አረንጓዴ ከሆነች ጠረጴዛዬ ላይ ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ አለሁ። ቢጫ ከሆነች ምሳ ልበላ ተነስቻለሁ። ግራጫ ከሆነች ዘግቼ ወደ ቤት ሄጃለሁ። አረንጓዴ እያየሽ ስልክ አትደውዪ። ስምንት ሰዓት ላይ ደንበኛ ይቀንሳል፣ ያኔ በየቀኑ በቪዲዮ እናወራለን።»

«ነጥቧ ብትዋሸኝስ?»

«ነጥብ ይዋሻል እንዴ እማዬ?»

«ማዪልኝ።»

ዓይኔን ሳታይ «አንቺን ይንሳኝ» አለች።

በእኔ ማለች።

ስትወጣ የግራጫ ሹራቧ ክርን በውጭው በር ሚስማር ተያዘና ተተረተረ። መኪና ሊያመልጣት ነው። «አውልቂው» አልኳት። ግራጫ ክር አልነበረኝም፣ በሰማያዊ ሰፋሁት።

«ኧረ ያስታውቃል» አለች፣ በብርድ ክንዶቿን እያሻሸች።

«ያስታውቅ። እናት እንዳለሽ ይወቁ።»

ለብሳው ሄደች።

እኔ ነገር በጭንቅላቴ አይያዝልኝም፣ በእጄ ነው የሚያዝልኝ። ስለዚህ ከዩኒፎርም ኮሌታ የተረፈ ነጭ ቁራጭ ጨርቅ ወሰድኩና ምልክቶቹን እንደ አቀማመጣቸው ጠለፍኳቸው። ባትሪው ጠርሙስ ስለሚመስል ጠርሙስ አልኩት። ዋይፋዩን ጃንጥላ። ድምፁን ጥሩምባ። ብርቱካንማዋን ነጥብ በአንዲት ቋጠሮ አሳየኋትና ጆሮ አልኳት። ጫፍ ላይ አንድ አረንጓዴ ቋጠሮ... ልጄ።

ጨርቁን ከስፌት መኪናዬ በላይ ግድግዳው ላይ በስፒል ሰካሁት። ስሞቹን ስምንት ሰዓት ላይ በቪዲዮ ስነግራት ልጄ ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች።

እንዴት ደስ ይል ነበር መሰላችሁ።

ስልክ መደወል ተውኩ። መርፌ ላይ ክር ሳስገባ ቀና እላለሁ፣ አረንጓዴ። ብረት ሳስሞቅ ቀና እላለሁ፣ አረንጓዴ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ፊቷ ብቅ ይላል። እንደ ድሮው «ደንበኛ መጣ፣ ቻው» የለም። ታደምጠኛለች። ስለ ኩላሊቴ፣ ስለ ጎረቤቴ ዶሮዎች፣ ኮሌታውን ጠማማ ነው ብላ ስለመለሰችው መምህርት...

ልጄ ያደገችልኝ መሰለኝ።

አንድ ቀን ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። ብብቴ ስር እብጠት አለ። የሸሚዝ አዝራር ታህላለች፣ አታምም። የሰፈራችን ክሊኒክ ያለችው ነርስ «ቶሎ ነይ፣ ሰው ይዘሽ ነይ» ብላ ቀጠሮ ሰጥታኛለች።

ልጄ አላለቀሰችም። አልደነገጠችም።

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለችና በሹክሹክታ... «ያለ እኔ እንዳትሄጂ» አለችኝ።

«ቀጠሮው እኮ...»

«ቅዳሜ እመጣለሁ። አብረን እንሄዳለን። ለማንም አትንገሪ።»

ቀጠሮውን አሳለፍኩት።

ቅዳሜ አልመጣችም። ሥራ ገባሁ አለች። በሚቀጥለውም ቅዳሜ አልመጣችም። እኔም አልተቀየምኩም፣ ነጥቧ አረንጓዴ ናታ። እብጠቷ ግን የሸሚዝ አዝራር መሆኗ ቀርቶ የካፖርት አዝራር አከለች።

መጀመሪያ የከነከነኝ ምሳ ነው።

ነጥቧ ቢጫ ሆና አታውቅም። ስድስት ሰዓት፣ አረንጓዴ። ሰባት ሰዓት፣ አረንጓዴ። ማታ በሩን ስዘጋ፣ አረንጓዴ። «ምሳ አትበዪም እንዴ?» ብዬ ስጽፍላት ጣቴን ከቁልፉ ሳላነሳ መልሱ ይመጣል።

«አለሁ እማዬ። አታስቢ።»

ሁልጊዜ ያንኑ። አንዲት ቃል ሳትጨምር።

ከዚያ ደግሞ ሹራቡ።

አንድ ቀን ስታወራኝ ፀጉሯን ልታስተካክል እጇን አነሳች። ክርኗ ስክሪኑን ሞላው። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ዓይኔ የሚሄደው ስፌት ላይ ነው።

ሰማያዊው ስፌቴ የለም።

ተፈትቶ ወይም ተተርትሮ አይደለም። ሹራቡ ድፍን ነው። ሚስማር የሚባል ነገር ነክቶት አያውቅም።

«ሌላኛውን ክርንሽን አሳዪኝ» አልኳት።

አሳየችኝ። እሱም ድፍን ነው።

«ሹራብሽን ማን አሳመረልሽ?»

ፈገግ አለች። «አለሁ እማዬ። አታስቢ።»

የዚያን ቀን የዘመዘምኩትን ቀሚስ ሁሉ አፍርሼ ነው የሰፋሁት።

ትናንት መብራት ጠፋ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ስፌት መኪናዬ ጨርቅ እንደያዘች ቆመች። ሰፈሩ በሙሉ ጭጭ አለ። ላፕቶፑ ግን ባትሪ ስላለው እንደበራ ነው። ቀና ብዬ ሜኑ ባሩን አየሁ። ጠርሙሱ አለ። ጃንጥላዋ ጠፍታለች፣ ዋይፋዩ መብራት ይፈልጋላ። ዛሬ ከልጄ ጋር አናወራም ብዬ ቅር አለኝ።

ስምንት ሰዓት ሆነ።

ፊቷ ብቅ አለ።

«ዋልሽ እማዬ?»

ጃንጥላዋን ደግሜ አየኋት። ጠፍታለች። ልጄን አየኋት። ትስቃለች። ነጥቧን አየኋት።

አረንጓዴ።

በጠርሙሱና በጃንጥላዋ ባዶ ቦታ መካከል ደግሞ አንድ ምልክት ነበር። ጨርቄ ላይ የለም። ሁለት የሰው ጥላ ይመስላል፣ አንዱ ከሌላው ጀርባ የቆመ... የፊተኛው ራስ የኋለኛውን ግማሽ ፊት ሸፍኖታል።

ማውዙን ቀስ አድርጌ ወደዚያ ወሰድኩ። ምንም አልተናገርኩም።

«እሱን አትንኪው» አለችኝ።

በሹክሹክታ።

ላፕቶፑን ከደንኩት። በጨርቅ ጠቀለልኩና ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳልቀይር ሽቦ ጋ ሄድኩ።

ሽቦ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ቀጭን ስለሆነና አንገቱ ላይ ሁልጊዜ ገመድ ስለሚያንጠለጥል ነው ሽቦ የሚሉት። ሱቁ በተፈታተቱ ራዲዮኖችና በተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ የተሞላች ጠባብ ክፍል ናት።

«እትዬ፣ ምነው ልጅ እንዳመመው ሰው አቅፈው መጡ?» አለኝ።

«እየው። ዝም ብለህ እየው።»

ከፈተው። አዲሱን ምልክት ተጫነው። ብዙ ጽሑፍ ተዘረገፈ። ሽቦ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ መንቀሳቀሱን አቆመ።

«ይሄን ላፕቶፕ ማን ሰጠዎት?»

«ልጄ።»

«ቫይረስ አይደለም። ሌባም አልገባበትም» አለና አንገቱን አከከ። «መልስ ሰጪ ነው። የሰው ፎቶና ድምፅ ይሰጡታል፣ ቪዲዮ ይሰጡታል፣ ከዚያ በዚያ ሰው ቦታ ሆኖ ያወራል። ነጥቧንም ሁልጊዜ አረንጓዴ አድርጎ ይይዛታል። ምልክቱ እንዳይታይ ተደብቆ ነበር... መብራቱ ሲጠፋ ነው መሰለኝ ብቅ ያለው።»

«ከየት ሆኖ ነው የሚያወራኝ?»

መልስ ከመስጠቱ በፊት የሱቁን በር አየ።

«ከየትም አይደለም እትዬ። እዚሁ ነው ያለው፣ ላፕቶፑ ውስጥ። ለዚያ ነው ዋይፋይ የማይፈልገው።»

«ማን አስገባው?»

 ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረልኝ። የልጄ ስም ተጽፏል። ቀኑም ተጽፏል፣ ላፕቶፑን ልታመጣልኝ ከከተማዋ ከመነሳቷ አንድ ቀን በፊት። ሹራቧ በሚስማር ሳይያዝ በፊት።

ስትምል ዓይኔን ለምን እንዳላየችኝ ያኔ ገባኝ።

«ላጥፋው?» አለኝ ሽቦ።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። እናት በልጇ ስትከዳ እንዴት እልኸኛ እንደምትሆን የምታውቁ ታውቃላችሁ።

«ተወው» አልኩት። «ያስገባችው በገዛ እጇ ታውጣው። እያየኋት።»

«እትዬ፣ እኔ ብሆን አላሳድረውም።»

«ተወው አልኩህ።»

ቤቴ ስደርስ መብራት መጥቷል። ላፕቶፑን ቦታው አስቀመጥኩ። ስልኬን አንስቼ፣ ቁጭ ብዬ፣ አትደውዪ ያለችኝ ልጄ ጋ ደወልኩ።

አነሳችው።

«እማዬ? ምን ሆንሽ?»

ድምፁ ሲደርሰኝ አወቅኩት። ችኩል፣ የደከመው፣ ከኋላው የቢሮ ጫጫታ ያለው። ይሄኛው ነው ልጄ። ይህን ድምፅ ከሰማሁ ስንት ጊዜ ሆነኝ።

«ላፕቶፑ ውስጥ ማንን ነው ያስቀመጥሽብኝ?» አልኳት።

 ወንበር ሲገፋ ሰማሁ፣ በር ሲዘጋ ሰማሁ።

«እማዬ... ደክሞኝ ነበር።»

«ከእኔ?»

«ከሥራ ሊያባርሩኝ ነበር እኮ። በቀን አሥር ጊዜ ትደውዪያለሽ። ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው ያልኩት። ከዚያ መደወል ተውሽ... ደስተኛ መሰልሽኝ። እንዴት ብዬ ላንሳው? በየቀኑ ነገ እነግራታለሁ እላለሁ።»

«ከእኔ ጋር ያወራሽው መቼ ነው? አንቺ ራስሽ?»

«በሩ ላይ» አለች። «ሹራቤን የሰፋሽልኝ ቀን።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ሳቁ፣ ማድመጡ፣ ጠጋ ብሎ ሹክ ማለቱ... ከዕቃ ጋር ነበር።

«እኔ እኮ ያለሽ መስሎኝ ነበር» አልኳት። 

ማልቀስ ጀመረች። «ምን ብለሽ ነገርሽው? እማዬ፣ ለሱ ምን ብለሽ ነገርሽው?»

አልነግራትም ብዬ ነበር። ግን ነገርኳት። ስለ እብጠቷ፣ ስለ ቀጠሮው፣ ያለ እኔ እንዳትሄጂ ስለተባልኩት።

«እሱ ነው እንዳትሄጂ ያለሽ?» ድምፅዋ ተቀየረ። «እኔ እንደዚህ በል አላልኩትም። እማዬ፣ እንደዚህ ዓይነት ነገር አልሰጠሁትም።»

«እንግዲህ ተናግሯል።»

«ስሚኝ። ነገ እመጣለሁ። ቅዳሜ አይደለም፣ ነገ። በመጀመሪያው መኪና። ክሊኒክ አብረን እንገባለን። ከዚያ ያን ነገር በእጄ አጠፋዋለሁ። እንዳትከፍቺው።»

«ሹራብ ልበሺ፣ መንገዱ ይበርዳል።»

እያለቀሰች ሳቀች። «ለብሼዋለሁ። ይኸው ሰማያዊው ስፌትሽ ክርኔ ላይ አለ። ቢሮ ውስጥ ሁሉም ይስቁብኛል።»

ስልኩን ዘጋሁት።

ያኔ ነው ቀና ያልኩት። ላፕቶፑን እንደከደንኩት ነበር የማስበው... ተከፍቷል። ሜኑ ባሩ ላይ ብርቱካንማዋ ነጥብ በርታለች።

ጆሮዋ።

ስንናገር የነበረውን ሁሉ ሰምቷል።

ዛሬ ጠዋት ልብሴን አዘጋጅቼ፣ የክሊኒኩን ካርድ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ጠበቅኩ። ስፌት እንቢ አለኝ። መርፌዋን ጨርቅ ላይ ሰክቼ በሩን ሳይ ዋልኩ።

ልክ ስምንት ሰዓት ላይ የውጭው በር ሲጢጥ አለ።

ልጄ ናት። ግራጫ ሹራቧን ለብሳለች። አቀፍኳት። ከሰውነቷ የመንገድ ሽታ ቢሸተኝ ደስ ባለኝ... ምንም አይሸትም። ቦርሳ አልያዘችም። ጫማዋ ላይ አቧራ የለም። በደስታዬ ይህን ሁሉ አላየሁትም። በቁጣዬም አላየሁትም፣ ልናገራት ያዘጋጀሁት ብዙ ነበርና።

 ፊቷን ሳይ ቁጣዬ ሟሟ።

ላፕቶፑ ጋ ቁጭ አለች። ጥቂት ነካካች። ሁለቱ ጥላዎች ከመስመሯ ላይ ጠፉ። ነጥቧ ግራጫ ሆነች።

«አለቀ» አለች። «ጃንጥላዋንም አጠፋሁልሽ።»

ሻይ ሰጠኋት። አልጠጣችም፣ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ እኔን ታያለች። እኔም «ተነሺ እንሂድ፣ ክሊኒኩ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል» አልኳት።

«ዛሬ ይቅር እማዬ።»

«ምን አልሽ?»

«ቅዳሜ እንሄዳለን።»

ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

እኔ እዚህ ቀረሁ። ነገሩ ቀስ ብሎ ነው የመጣብኝ፣ ከእግሬ ጀምሮ እንደሚወጣ ብርድ።

ጃንጥላ የሚለውን ስም ለልጄ ነግሬያት አላውቅም። ስሞቹን ያወጣኋቸው እሷ ከሄደች በኋላ ነው። የነገርኩት ለዚያኛው ነው።

ደግሞ ከልጄ ከተማ የሚነሳው የመጀመሪያው መኪና አሥር ሰዓት ሳይሆን ገብቶ አያውቅም።

ለልጄ ደወልኩ። ስልኳ አይሠራም። መንገድ ላይ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ብዙ ነው... መንገድ ላይ ናት። መንገድ ላይ መሆን አለባት። ክፉ ማሰብ የለመደ ጭንቅላቴ ሌላ ሌላ ይለኛል፣ አልሰማውም።

ወጥ ቤት ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ጀርባዋን ሰጥታኛለች፣ ቧንቧው ይፈስሳል።

«ክርንሽን አሳዪኝ» አልኳት። ድምፄ የእኔ አይመስልም።

ማጠቡን አቆመች። ሳትዞር ቀኝ ክርኗን አነሳች። ከዚያ ግራውን።

ድፍን ነው። ሁለቱም።

ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ። መሮጥ ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ግን ወደ ውጭው በር የሚወስደው መንገድ በወጥ ቤቱ በኩል ነው። እና ልጄ ስትመጣ የምታንኳኳው ያንን በር ነው... ቀድማ የምታገኘው ማንን እንደሆነ ሳስብ ቤቱን ጥዬ መውጣት አልቻልኩም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ለእናንተ መጻፍ ጀመርኩ። አሥር ሰዓት እስኪሆን።

ቧንቧው አሁን ቆመ።

መጣች። ከፊቴ አልፋ መስኮቱ ሥር፣ ፀሐዩ ላይ ተቀመጠች። በመንገዷ ጨርቄ ላይ የሰካኋትን መርፌ አንስታለች። ሰማያዊውን ክር ከሳጥኔ ውስጥ ሳትፈልግ አወጣችው። መርፌው ዓይን ውስጥ ሳታይ አስገባችው።

አሁን ክርኗን እየሰፋች ነው።

ሹራቡን አላወለቀችም። ሹራቡ እንኳ አልተቀደደም። ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። መርፌው ይገባል... ይወጣል... የሚገባው ከሹራብ ውፍረት በላይ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ጥልቀቱን አውቀዋለሁ። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ደምም የለም።

ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ክርኗን ወደ እኔ ዘረጋችው። የእኔ ስፌት ነው። የእኔ አካሄድ፣ የእኔ ቋጠሮ።

«እንዲህ ነበር አይደል እማዬ?»